ፊደሉን ወደ አሮጌው ማሽን የመለስኩበት ሰሞን

ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ጋሽ ተክሌ፣ አሁን ምን እየሠሩ ነው?» ይለኛል። «ድሮስ ስሠራ ማን አይቶኝ!» እላለሁ። ቀልዴን ነው፤ ከቀልዱ ሥር ግን ትንሽ እውነት አለችበት። ሰው ሁሉ ወደፊት ሲሄድ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የኋሊት ስሄድ ነው። ሌላው የካሴት ዘፈኑን ወደ ፍላሽ፣ የፍላሹን ወደ ስልክ ሲያሻግር፣ እኔ የስልኩን ወደ ካሴት እመልስ ነበር። ጀውሃ የሚያድሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ደንበኞቼ ነበሩ። መኪናው ካረጀ ቴፑም አብሮ ያረጃል፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። አዲሱን ዘፈን በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ፣ በካሴት ቀድቼ እሰጣቸዋለሁ። «ሪቨርስ» ብለው ስም አወጡልኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ስትሰማ «ሪቨርሱስ ይሁን፣ ፍሬንህ የት አለ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከቆላው የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ ነው። መጠሪያዬ የራዲዮና የጄኔሬተር ቴክኒሻን ነበር። አለቃዬ ዕቃ ሁሉ በጥፊ የሚድን የሚመስለው ሰው ነበር፤ እሱ በጥፊ ያስነሳውን ራዲዮ እኔ በመበየጃ ካውያ ስነካው ጨርሶ ይተኛል። ስለዚህ ከሁለታችን ማን ቴክኒሻን እንደሆነ ሠራተኛው እስከ መጨረሻው አልለየለትም። እርሻው ሰው ሲቀንስ ከተቀናሾቹ አንዱ ሆንኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ፣ ከዚያ በራሴ ሱቅ። ስለ ጡረታዬ ብዙ አልልም፤ እሷም ስለ እኔ ብዙ አትልም።

ሙያ የምለውን ነገር ያስተማሩኝ ግን አለቆቼ አይደሉም። የሒሳብ መምህሩ አበራ ናቸው። እርሻው ላይ መስኖ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ዕቃው ሻንጣ አልገባለት ብሎ አንድ ትንሽ ማሽን ለመምህር ሰጥቷቸው ሄደ። የኃይል አዳፕተሩ ተቃጥሎ ኖሮ እንድጠግነው ተጠራሁ። ማሽኑ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ፣ ቁልፎቹ እንደ ላጲስ የሚለሰልሱ ጥቁር ነገር ነው። ኮምፒውተር ነው ሲሉኝ አላመንኩም። ለመታየት ቴሌቪዥን ይፈልጋል፣ ለማስታወስ ቴፕ ይፈልጋል፤ ሲጠፋ የነገሩትን ሁሉ ይረሳል። «ይሄማ እኔን ነው» አልኩና ያኔውኑ ወደድኩት።

ሥራውን የሚያውቀው በጩኸት ነው። ፕሮግራሙ ካሴት ላይ የሚቀመጠው በድምፅ ነውና፣ ቴፑ ሲከፈት ጆሮ የሚበሳ ሲርርታ ይለቃል፤ ማሽኑ ያንን ሰምቶ ይማራል። በቴሌቪዥኑ ዳርና ዳር ቀይና ሰማያዊ መስመር ይሯሯጣል። ስድስት ሰባት ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። ገመዱ ከተነካ፣ መብራቱ ከተርገበገበ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። መምህር አበራ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ቅኔ ያዳምጡታል።

«ስማው ተክሌ፣ ጎርነን ብሏል። ጭንቅላቱ ቆሽሿል።»

«የማን? የእኔ?»

«የቴፑ። ያንተማ በአረቄ አይጸዳም፤ በአረቄ ነው የቆሸሸው።»

ጥጥ በአረቄ ነክረው የቴፑን ጭንቅላት ይጠርጋሉ። የተረፈችውን አረቄ ለእኔ ያቀብሉኛል። ሙያ እንዲህ ነው የተማርኩት።

ያ ማሽን አማርኛ አያውቅም ነበር። መምህር አንድ ክረምት ሙሉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ በነጥብ ሣሉት። የ«ጨ» እግሮች ከሳጥኑ እየወጡ ስንት ቀን አስቸገሩን። ቦታ ስላልበቃ ከሦስቱ «ሀ» ሁለቱን ተዉ። የሠፈራችን ዲያቆን ይህን ሰምቶ «መምህር፣ የአባቶችን ፊደል ቀነሱ!» ብሎ ሊቆጣቸው መጣ። «ልጄ፣ ይህ ጠባብ ቤት ነው፤ ሦስት ሀ የሚያሳድር አልጋ የለውም» አሉት። ፊደሉን ነክተው ከአንድ እስከ ሰባት ያለውን ቁጥር ሲጫኑ ድምፁ ይመጣል፤ ለ እና አራት ላ ነው። የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ፣ የዕድሩን ጥሪ፣ የተማሪውን ጥያቄ ሁሉ በዚያ ቴሌቪዥን ላይ ጻፉ። ጣታቸው እያየን እንደ ክራር ተጫዋች ሆነ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፦ ጽፈው ሲጨርሱ ሳያስቀምጡ አያነቡም። «መጀመሪያ ካሴት ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ተደነቅ» ይላሉ። ሁለተኛው ሥራችንን ስንት ጊዜ ያበላሸብን ነው። እንግዳ በገባ ቁጥር «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ፤ ማሽኑ እየጫነ ይሁን፣ ገመዱ በእግራቸው መካከል ይለፍ ግድ የላቸውም። ተማሪም ቢሆን የገባው ይነሣሉ።

«መምህር፣ አሁን እኮ ሊጨርስ ነበር!»

«ማሽኑ እንደገና ይጀምራል። ያልተነሡለት እንግዳ ግን እንደገና አይመጣም።»

ዓመታት አለፉ። ማሽኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ። የፊደሉ ካሴት መስኮት ላይ ተረስቶ የሮቢት ፀሐይ አቀለጠው፤ ሳየው እንደ ቋንጣ ተጠቅልሏል። ደግነቱ ልጃቸው ሰላም ተማሪ ሳለች የካሴቱን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣው ነበር። ያኔ «ለምንሽ ነው?» ብዬ የሳቅኩባት እኔ ነኝ።

መምህር ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ አፋቸው ተያዘ። ደብረ ብርሃን ሰንብተው ሐኪሞቹ «ቤታቸው ይሻላቸዋል» አሉ። ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የትውልድ አገራቸው ማጀቴ ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ደምሴ ሊጠይቁ መጡና ሲወጡ እኔንና የመምህርን ባለቤት እትዬ አስካለን በር ላይ አቆሙን። ቆብ በእጃቸው ነው፣ ከእግራቸው በቀር የሚያዩት የለም።

«እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሕይወት እያለ አይነሣም። ግን እናታችን ማጀቴ ከመቃብሯ ጎን ቦታ ትታለታለች። ስትሞትም አደራ ብላኛለች» አሉ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ሠፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ በከዘራ፣ ሁለት ቦታ ላይ አርፈው ይሄዳሉ። ማጀቴ በመኪና ነው፤ ከመኪና ተወርዶ ደግሞ አቀበቱ አለ።

«ቃሉን እንስማ፤ እሱ ያለው ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

ጋሽ ደምሴም «ቃሉ ከሆነ እኔ ምን አፍ አለኝ» ብለው ተስማሙ።

ቃል ግን ከየት ይምጣ? ስንጠይቃቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ማጀቴ?» ሲባል እሺ፣ «እዚህ ሮቢት?» ሲባልም እሺ። ድሮም እንቢ ማለት የማያውቁ ሰው ነበሩ። እርሳስ ሰጠናቸው፤ ግራ እጃቸው ወረቀቱን ቧጨረው። የስልክ ፊደል አሳየናቸው፤ ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ አንዱን ሲነኩ አራቱ ይወጣል። አንድ ቀን ግን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳወራ የግራ እጃቸው ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ሲነጥቡ አየሁ። ነጠብ፣ ቆም። ነጠብ፣ ቆም። ፊደል፣ ቁጥር። ፊደል፣ ቁጥር።

«እትዬ አስካለ፣ ያ ማሽን የት ነው?» አልኩ።

ማሽኑ ከቁም ሣጥኑ ወረደ። ለሰላም ደወልኩላት። ድምፁን በስልክ ላከችልኝ፤ ሰካሁት፣ ማሽኑ ተፋው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሞ ተፋ። ነገሩ በኋላ ገባኝ። የዛሬ ስልክ ድምፅ ሲልክ የሰው ጆሮ አይሰማውም ያለውን እየላጨ ያሳንሰዋል። ለዘፈን ደግ ነው፤ አሮጌው ማሽን ግን የተላጨውን ነው የሚፈልገው። «ልጄ፣ ሳይነካ እንዳለ ላኪው፤ እንደ ሰነድ እንጂ እንደ ዘፈን አይሁን» አልኳት። ላከችው። ከዚያ ደግሞ አዲሱ ስልኬ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፤ ስንጥቅጥቅ ካለው ከአሮጌው ስልኬ ጋር ታረቅሁ። ስልኩ ድምፁን በግራና በቀኝ ይከፍለዋል፣ ማሽኑ ያለው አንድ ጆሮ ነው፤ ገመዱን ቆርጬ የግራውን ብቻ በካውያ አያያዝኩ። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ማሽኑን አላውቀውም አለ፤ ከጎረቤት ባለ ሆዱን ቴሌቪዥን አስመጣሁ። መካከል ላይ እንዳይደወልብኝ ስልኩን ከኔትወርክ አወጣሁት።

ጩኸቱ ሲጀምር መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያዳምጣሉ። የአፋቸው አንዱ ጎን ፈገግ አለ።

እዚህ ላይ አገራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። የታመመ ሰው ቤት ባዶ አይሆንም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የገባው ሁሉ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፣ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣል፣ የገባው «በእግዜር፣ አትነሡ» ይላል፣ ወንበር ይሳባል። እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ ገመድ ዘርግቼ ስድስት ደቂቃ ዝምታ እለምናለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ጎረቤት ሶኬቱን ረገጡት። በሁለተኛው ቀን ወንበር ገመዱ ላይ ተቀመጠ። በሩ ይዘጋ አልልም ነገር፤ የበሽተኛ በር ከተዘጋ ሰው ሌላ ነገር ይጠረጥርና ለቅሶ ይዞ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን ቀይና ሰማያዊው መስመር ወደ መጨረሻው ሲሯሯጥ ሐጂ ሙሄ ገቡ። የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ ሮቢት ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ከመምህር ጋር የሸመገሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም!»

ሁላችንም ብድግ አልን። እኔ አንድ እግሬን አንሥቼ እንደ ሽመላ ቆምኩ፤ ገመዱን አልነካሁም። ነገር ግን ከአልጋው «ኖ...» የሚል ድምፅ ሰማን። መምህር በግራ ክንዳቸው ተደግፈው ግማሽ አካላቸውን አንሥተዋል። ጭናቸው ላይ የነበረው ማሽን ተንሸራተተ፣ ገመዱ ወለቀ፣ ጩኸቱ ጸጥ አለ።

«በአላህ! አበራ፣ ለእኔ ብለህ ነው?» አሉ ሐጂ። ደግፈው አስተኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አበላሸሁ?»

ነገርኳቸው። ቃሉ ለምን እንደሚፈለግም ጭምር። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቆሙ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው?»

«ሁለት ሰው በደንብ ሰላም እስኪባባል።»

«ተው እንግዲህ!» ብለው ወንበራቸውን አንሥተው ወጡ።

ከአጥሩ በር ላይ፣ ከነከዘራቸው፣ መንገዱን ሞልተው ተቀመጡ። ሽማግሌ ሰላም ሳይሉ የሚያልፍ ማን አለ? ከመስኮት እሰማለሁ። «እንዴት አደርክ? ልጆችስ? ከብቱስ እንዴት ነው? ሽንኩርቱን ውርጭ አልነካውም?» «ሐጂ፣ ቆላ ላይ ደግሞ ምን ውርጭ አለ!» «አልሐምዱሊላህ! ጎረቤትስ? ያ ከአማቱ የተጣላው ታረቀ?» እየተሰለፉ ቆሙ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይይዘዋል። ውስጥ እንደገና ያስጀመርኩት ጩኸት ወረደ፣ ወረደ፣ ተፈጸመ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነና ከላይ በግራ በኩል አንዲት «ሀ» ብቅ አለች። መምህር የሣሏት ናት፤ አንገቷ ትንሽ የዘመመው።

መምህርን በትራስ ደገፍናቸው። ማሽኑን ከግራ እጃቸው ሥር አደረግሁ። እትዬ አስካለ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።  «አበራ፣ የት ላድርግህ?» ብቻ አሉ።

ጣቱ ወረደ። ፊደል። ቆየ። ቁጥር። አንዳንዴ ይሳሳታሉ፤ ተመልሰው ያጠፋሉ፣ ይደግሙታል። «አ» መጣች። «ን» መጣች። «አንቺ» የሚለውን ሳይ ዞር ልበል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ምስክር መሆኔ ትዝ አለኝና ቆምኩ። የቀረው ፊደል አንድ በአንድ ወጣ፦

አንቺ በእግርሽ የምትመጪበት

እጃቸው ቁልፎቹ ላይ አረፈ። እትዬ አስካለ አነበቡት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደገና አነበቡት። «እሺ፣ እሺ አበራ» አሉ። እኔም አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ተደነቅሁ።

መብራት ሄደ።

ሮቢት ላይ መብራት መሄዱ ምን ያስደንቃል? ድሮ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ካሴት ላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ግን ፊደሉን በቀጥታ ከስልክ ስለጫንኩት ቴፕ አላስፈለገኝም፤ ስላላስፈለገኝም አላመጣሁትም። «ፎቶ አታነሣውም ነበር?» ይሉኛል ልጆች። ስልኩ ከእጄ ሥር ነበር። ግን ያን ቀን ለእኔ ስልክ አልነበረም፤ ቴፕ ነበር። ገመድ የተሰካበት፣ የሚጮህ ዕቃ። ዓይን እንዳለው ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ዕድሜዬን በሙሉ አዲሱን አሮጌ ሳደርግ ኖሬ፣ የዚያን ቀን አብዝቼው አረፍኩ።

መብራቱ ሲመለስ ጋሽ ደምሴ ከማጀቴ ደርሰዋል፤ እንዲያነቡ ያስጠራናቸው እኛው ነን። ቴሌቪዥኑ ባዶ ነው። እንደገና ጫንኩ፤ ሐጂ እንደገና በር ያዙ፤ «ሀ» እንደገና ብቅ አለች። መምህር ግን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። በማግስቱም ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አደረግንላቸው። ጣቱ፣ እዚያው አስቀምጠነው የሄድን ይመስል፣ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ አልቆዩም።

ድንኳኑ እየተተከለ ጋሽ ደምሴ ጎኔ ቆሙ። አለቀሱ። «ጋሽ ተክሌ፣ ዋሹ አልልም፤ አስካለም አትዋሽም። ግን የአባቴ ወገን እየጠበቀ ነው። እናቴ አደራ ያለችኝን ሁሉም ሰምቷል። ፊታቸው ቆሜ ምን ልበል? ቴሌቪዥን ላይ ነበር፣ ጠፋ ልበል?»

መልስ ነበረኝ። ብዙ መልስ ነበረኝ። ሐጂ ሙሄም «እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ወላሂ እመሰክራለሁ» አሉ።

«ሐጂ፣ ምን አዩ?» አሏቸው ጋሽ ደምሴ በትሕትና።

 ሐጂ ያዩት ሰላምታ ብቻ ነበር።

ነገሩን የቋጩት እትዬ አስካለ ናቸው። ሴቶቹ ደግፈዋቸው ከጓዳ ወጡ። «በሬሳው ላይ ክርክር አልሰማም። እናቱ ጋ ይሂድ። ቃሉን እኔ ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ «ተው፣ እሱን አትንካው፤ ያመኛል» አሉና ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳያስበው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ነው ዋይታው የመጣው።

ማጀቴ ቀበርናቸው። እትዬ አስካለ እስከ መኪናው መንገድ ዳር መጡ። አቀበቱን ግን አልሞከሩትም፤ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያኑን ከታች ያዩ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ አስጠሩኝ። ማሽኑን ከጠረጴዛ ላይ አላነሡትም፤ ነጠላ አልብሰውታል። እንግዳ የለም። የሐዘን ቤት ከአርባ በኋላ እንዴት ጭር እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ተክሌ፣ ያን ነገር ጫንልኝ።»

ጫንኩ። ገመዱን የሚረግጥ ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።

«እሱ ያላትን ቃል ጻፍልኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ እኔ ብጽፈው...»

«አውቃለሁ። ጻፈው።»

ጻፍኩት። በሁለት እጅ፣ እንደ ባለሙያ፣ ቶሎ ቶሎ። «አንቺ በእግርሽ የምትመጪበት» የሚለው ቴሌቪዥኑ ላይ ሞልቶ ቆመ። አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም። እሱ ሲጽፈው ቀስ ብሎ ነበር የመጣው።»

አጠፋሁት። ቀኝ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አወረድኩና በግራ እጄ በአንዲት ጣት «አ»ን ነካሁ። ከዚያ ቆየሁ።